የቴሌግራም መንግሥታችሁን ሕገ መንግሥት ሳታፈርሱ ለማሻሻል፦ ደረጃ በደረጃ

ኢንቦክሴ ውስጥ በየሳምንቱ የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። «ቴሌግራም ላይ ምናባዊ መንግሥት አለን፤ ግሩፕ ውስጥ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት ይዘን ሕግ የምናወጣበት ጨዋታ ነው። ሕገ መንግሥቱን እናሻሽል ብለን ተጣላን። ከየት እንጀምር?» የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ እዚሁ ጎንደር ያሉ ልጆች ናቸው፤ ከማራኪ ግቢ፣ ከአዘዞ፣ ከፒያሳ። ለእያንዳንዱ የድምፅ መልእክት መላክ ሰለቸኝ። ስለዚህ ይኸው፣ አንድ ቦታ ላይ ጻፍሁት።

የእኛ ምክር ቤት 30 መቀመጫ አለው። ሕገ መንግሥታችንን ሦስት ጊዜ አሻሽለናል። የመጀመሪያውን ጊዜ በደንብ አድርገን አበላሽተነዋል፤ ከታች ካሉት ማስጠንቀቂያዎች ግማሾቹ የመጡት ከዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አዲሱ ሕግ እስኪጸና ድረስ የሚገዛችሁ አሮጌው ነው። አሮጌው «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻሻላል» ካለ፣ ሁለት ሦስተኛውን ወደ ተራ አብላጫ የሚያወርደው ማሻሻያም የሚያልፈው በሁለት ሦስተኛ ነው። እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ደንብ በራሱ በአዲሱ ደንብ አጸደቅነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አባል «ይህ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ የሆነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ዝም። በዚያ ደንብ የወጡ አራት አዋጆች አብረው ወደቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ሙሉ ቅጂ፣ በፒዲኤፍ። ግሩፑ ውስጥ ተበታትኖ ያለ መልእክት ቅጂ አይባልም፤ መልእክት ይስተካከላል፣ ይጠፋል።
- የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ፣ ካላችሁ።
- የአባላት መዝገብ። ስም፣ የቴሌግራም መለያ፣ የገባበት ቀን።
- ረቂቁ የሚጻፍበት አንድ ጉግል ዶክ። ሁለት ከሆነ የትኛው ነው እውነተኛው በሚል ትጣላላችሁ።
- የውይይት ግሩፕ፣ እንዲሁም አባላት የሚያነቡት እንጂ የማይጽፉበት ቻናል። የእኛን «ነጋሪት» ብለነዋል።
- ቃለ ጉባኤ ያዥ። አፈ ጉባኤው ራሱ ባይሆን ይመረጣል።
- ካልኩሌተር። አትሳቁ፣ ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የትኛው ሰነድ ውስጥ እንዳለ ለዩ

«ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል» ከሚባለው ነገር ብዙው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ድምፅ መስጫው ስንት ሰዓት ክፍት ይሁን? ረቂቅ ለማቅረብ ስንት ደጋፊ ያስፈልጋል? አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይናገር? እነዚህ የአሠራር ደንብ ጉዳዮች ናቸው፤ ደንብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በተራ አብላጫ ይለወጣል። ቀላሉን ነገር በከባዱ መንገድ ከወሰዳችሁት ድምፅ አይሞላላችሁም። ከባዱን በቀላሉ መንገድ ከወሰዳችሁት ግን የሠራችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጽፎ ካገኛችሁት በዚሁ ማሻሻያ አውጥታችሁ ወደ ደንቡ አውርዱት። ሁለተኛ አትቸገሩም።

ደረጃ 2፦ «የማን ሁለት ሦስተኛ?» ብላችሁ ጠይቁ

የማሻሻያ አንቀጻችሁን አውጡና ቃል በቃል አንብቡ። አብዛኞቻችሁ የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ገልብጣችሁ ነው የጀመራችሁት፤ አውቃለሁ፣ እኛም እንደዚያው ነን። እዚያ ላይ አንቀጽ 104 ሐሳቡ እንዴት እንደሚመነጭ፣ አንቀጽ 105 ደግሞ እንዴት እንደሚጸድቅ ይናገራል። 105 ሁለት መንገድ አለው። በምዕራፍ ሦስት ያሉት መብቶችና ነጻነቶች፣ እንዲሁም 104 እና 105 ራሳቸው የሚሻሻሉት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ሲያጸድቁ፣ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በየራሳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁ ነው። ለሌሎቹ አንቀጾች ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ያጸድቃሉ፤ በተጨማሪ ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለበት።

ይህን እንዳለ ከገለበጣችሁ ችግር ላይ ናችሁ፤ 30 ሰው ያለው ግሩፕ የክልል ምክር ቤት የለውም። የሌለ አካል ያጽድቀው ከሚል አንቀጽ መውጫው አንድ ነው። ሁሉም አባል በስሙ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ተስማምቶ ያን አንቀጽ ይቀይረው። ንጹሕ መንገድ ነው አልልም። ግን ሁሉም ፈርሞበት ስለሚያልፍ ነገ ተነሥቶ የሚያፈርሰው አይኖርም።

አሁን ካልኩሌተሩን አውጡ። በሁለተኛው ማሻሻያችን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ከ30 አባላት 21 ተገኙ። 13 ደገፉ፣ 5 ተቃወሙ፣ 3 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። አፈ ጉባኤያችን ፒያሳ ላይ ማኪያቶዋን እየጠጣች «አለፈ!» ብላ ጻፈች። ቃለ ጉባኤ ያዡ ከአዘዞ «ከስንቱ?» ብሎ መለሰላት።

- ከደገፉና ከተቃወሙት ብቻ ካልን (18)፣ ሁለት ሦስተኛው 12 ነው። 13 አለ፤ አልፏል።
- ከተገኙት ካልን (21)፣ 14 ነው። በአንድ ድምፅ ወድቋል።
- ከጠቅላላ አባላት ካልን (30)፣ 20 ነው። በጭራሽ አልደረሰም።

አንድ ዓይነት ድምፅ፣ ሦስት ዓይነት ንባብ። ሕገ መንግሥታችን «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ» ብቻ ነበር የሚለው። ያን ማታ እስከ 6 ሰዓት ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ከሁሉ የከበደውን ንባብ ወሰድንና ረቂቁ ወደቀ። እናንተም ጽሑፉ ካልለየላችሁ ከባዱን ያዙ። በከባዱ ያለፈ ማሻሻያ በየትኛውም ንባብ ያለፈ ነው።

«ሁለት ሦስተኛ» እና «ከሁለት ሦስተኛ በላይ»ም አንድ አይደሉም። ለ30 ሰው የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 21 ነው። ቁጥሩ ነጥብ ካወጣ ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋጉ፤ 13.3 ማለት 14 ሰው ነው። ምልዓተ ጉባኤንም ከዚህ ለዩት። ምልዓተ ጉባኤ ስብሰባው ለመጀመር ስንት ሰው ይኑር የሚለው ነው፤ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት ለተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ሞላ ማለት ለማሻሻያው የሚበቃ ድምፅ አለ ማለት አይደለም።

ደረጃ 3፦ መዝገቡን አጽዱ፣ ከዚያ ዝጉት

በየግሩፑ የተኛ አካውንት አለ። ተመርቆ የሄደ፣ ስልክ የቀየረ፣ ዝም ብሎ የጠፋ። ከ30 አባላት 6ቱ ተኝተው ከሆነ ከቀሩት 24 ውስጥ 20 ማግኘት አለባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ረቂቁ ሳይቀርብ በፊት፣ በነባሩ ደንብ መሠረት፣ ማስታወቂያ ሰጥታችሁ የጠፉትን ከመዝገብ አንሡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ረቂቁ ከቀረበ በኋላ ማንንም አታስወጡ፣ ማንንም አታስገቡ። በንጹሕ ልብ ብታደርጉት እንኳ ድምፅ ለማሟላት የተደረገ ይመስላል። መዝገቡ የተዘጋበትን ቀንና የአባላቱን ቁጥር ቻናሉ ላይ ለጥፉ።

ደረጃ 4፦ ረቂቁን ጻፉ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ማሻሻያ ማለት «አንቀጽ 12 ይስተካከል» ማለት አይደለም። የትኛው ቃል ወጥቶ የትኛው እንደገባ መታየት አለበት። የነጋሪት ጋዜጣን አጻጻፍ ተጠቀሙ፤ የተፈተነ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃችኋል፦

«አንቀጽ ... ንዑስ አንቀጽ (...) ተሰርዞ በሚከተለው አዲስ ንዑስ አንቀጽ (...) ተተክቷል።»
«ከአንቀጽ ... ቀጥሎ የሚከተለው አዲስ አንቀጽ ... ተጨምሯል።»
«ነባሮቹ ንዑስ አንቀጽ (...) እና (...) እንደ ቅደም ተከተላቸው ንዑስ አንቀጽ (...) እና (...) ሆነው ተሸጋሽገዋል።»

ከሥር የአሮጌውን ጽሑፍ ሙሉ ቃል አስቀምጡ። ምክንያቱም ድምፅ የሚሰጠው ሰው ምን እንደሚያጣ ማየት አለበት።

አማርኛችን አንድ ወጥመድ አለው፤ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይደብቀዋል። የእኛ አሮጌው አንቀጽ 12 ይኸው፦

«ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትር ሲያነሣ ለምክር ቤቱ ያሳውቃል። በ3 ቀን ውስጥ ካልተቃወመ ከሥልጣኑ ይነሣል።»

ካልተቃወመ ማን? ምክር ቤቱ? ሚኒስትሩ? የተነሣው ሚኒስትር «እኔ ተቃውሜያለሁ» ብሎ ወንበሩን አልለቅም አለ። ሌላ አባል ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን አየት አድርጎ «የሚነሣው እኮ ፕሬዚዳንቱ ነው» አለ። ሳቅን፤ ግን ተሳስቷል ማለት አልቻልንም። «3 ቀን»ስ ከመቼ ይቆጠራል? አሁን እንዲህ ይላል፦

«ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትርን ከሥልጣን ሲያነሣ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ማስታወቂያው በነጋሪት ቻናል ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ካልተቃወመ ሚኒስትሩ ከሥልጣን እንደተነሣ ይቆጠራል።»

ረዝሟል። ግን እያንዳንዱ ግስ ባለቤቱ አጠገቡ አለ።

«ይሾማል» እና «ሊሾም ይችላል»ንም ለዩ። የመጀመሪያው ግዴታ ነው፣ ሁለተኛው ምርጫ። «እና» ካላችሁ ሁለቱም ይሟሉ ማለት ነው፤ «ወይም» ካላችሁ አንዱ ይበቃል። ሁለቱን በእዝባር አጣምሮ መጻፍ ለነገ ጭቅጭቅ ቀጠሮ መያዝ ነው።

ጨርሳችሁ ስታበቁ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። እኛ ጡረታ የወጡ መምህር አባል አሉን፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ረቂቁን በድምፅ መልእክት ያነቡልናል። እሳቸው የተደናቀፉበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ እንደገና ይጻፋል።

ደረጃ 5፦ የሚነካካውን ሁሉ ፈልጉ

አንቀጽ 12ን ከቀየራችሁ፣ 12ን የሚጠቅስ ሌላ አንቀጽ አለ? «የምክር ቤት ጸሐፊ» የሚለውን ማዕረግ ከሰረዛችሁ፣ ሌላ ቦታ ለጸሐፊው የተሰጠ ሥራ የለም? ሰነዱን በፍለጋ ማሰስ ግድ ነው።

ግን ፍለጋው ይዋሻችኋል። አንዱ «ሥልጣን» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ስልጣን»። «ድምፅ» አለ፣ «ድምጽ» አለ። «ዓመት» አለ፣ «አመት» አለ። ኮምፒውተሩ ለእኛ አንድ የሆነውን ቃል እንደ ሁለት ቃል ነው የሚያየው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በሁሉም አጻጻፉ ፈልጉ፤ ቁጥርንም በ12ም በ፲፪ም። ብትችሉ በዚሁ አጋጣሚ ሰነዱን ወደ አንድ ፊደል አምጡት። ያንንም ግን በረቂቁ ውስጥ ጻፉት፤ በድብቅ አይታረም።

ደረጃ 6፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ጨምሩ

የፕሬዚዳንቱን ዘመን ከ6 ወር ወደ 3 ወር ብታወርዱ፣ አሁን 4ኛ ወሩ ላይ ያለው ሰውዬ ዛሬ ይውረድ ወይስ ይጨርስ? ካልጻፋችሁ ሁለቱም ወገን ትክክል ነው። «ይህ ማሻሻያ ሲጸና በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት በነባሩ ድንጋጌ መሠረት ዘመኑን ይጨርሳል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። የተጀመሩ ረቂቆችንም አትርሱ።

ደረጃ 7፦ አቅርቡ፣ ተወያዩ፣ ከዚያ ረቂቁን አቁሙት

ረቂቁን ከነቁጥሩና ከነቀኑ ቻናሉ ላይ አውጡ። ውይይቱ ቢያንስ 3 ቀን ይሁን። ግሩፑ ላይ ስሎው ሞድ (አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) አብሩት፤ ካልሆነ ሦስት ሰው ብቻ ያወራና ሌላው ሰልችቶት ይወጣል።

የማስተካከያ ሐሳቦች በየመልእክቱ ሳይሆን ጉግል ዶኩ ላይ በሰጀስቲንግ (ዋናውን ጽሑፍ ሳይሰርዝ ሐሳብ በሚያስቀምጠው ሁነታ) ይግቡ፤ ማን ምን እንዳለ እዚያ ይታያል። በመጀመሪያ በማስተካከያዎቹ ላይ አንድ በአንድ ድምፅ ስጡ፣ በመጨረሻ በሙሉው ረቂቅ ላይ። በተቃራኒው ካደረጋችሁ ሰው የደገፈው ሌላ፣ የጸደቀው ሌላ ይሆናል።

የመጨረሻው ጽሑፍ ለ24 ሰዓት ሳይነካ ይቆይ። ነጥብ እንኳ ከተቀየረ 24 ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምር።

ደረጃ 8፦ ድምፅ ስጡ

የቴሌግራም ፖል ይበቃል፤ ግን አራት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ «አኖኒመስ ቮቲንግ» (የመራጩን ስም የሚደብቀው) ሲከፈት በርቶ ነው የሚመጣው፤ አጥፉት። ለሕገ መንግሥት ማን እንደደገፈ መታወቅ አለበት፤ ካልታወቀ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር አትችሉም።

ሁለተኛ፣ ፖል ፎርዋርድ ይደረጋል። ሌላ ግሩፕ ላይ የተጫነው ድምፅ እዚሁ ይቆጠራል። እኛ አንድ ጊዜ 30 አባል ይዘን 34 ድምፅ አገኘን። ስለዚህ መቶኛውን አትመኑ፤ ስም በስም ከመዝገቡ ጋር ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ በተለመደው ፖል ሰው ድምፁን መልሶ መለወጥ ይችላል። ሰዓቱ ሲደርስ ከፋቹ ራሱ «ስቶፕ ፖል» ይበል፣ ስክሪንሹት ይነሣ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ።

አራተኛ፣ ሰዓት። «ረቡዕ 3 ሰዓት ይዘጋል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የጠዋት ነው የማታ? ስልኩን በፈረንጅ ሰዓት የሚያነበው ልጅ 9 ሰዓት ነው የሚያየው፤ ዋሽንግተን ያለው ደግሞ ጭራሽ ሌላ። «ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በስልክ 9:00 ፒኤም» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ አስቀምጡ።

መስጫው 48 ሰዓት ይቆይ። መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ለስንት ሰዓት እንደሚራዘምና ማን እንደሚያራዝም ደንቡ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። ከጥር 10 እስከ 12 ደግሞ ፖል የሚባል ነገር አትክፈቱ። ከከተራ ጀምሮ ሕዝቡ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል፤ ምልዓተ ጉባኤው ያለው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዳር ነው።

ደረጃ 9፦ ፊርማ፣ ከዚያ ነጋሪት

ማሻሻያው ፊርማ ያስፈልገው እንደሆነ የማሻሻያ አንቀጻችሁን እዩ። ተራ አዋጅ ከሆነ ግን ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል ይላል። ለቴሌግራም መንግሥት 15 ቀን ዘመን ነው፤ 3 ቀን ይበቃል። ዝም ካለ ምን እንደሚሆን ግን የግድ ጻፉ። ፈተና ደርሶበት ለሁለት ሳምንት የጠፋ ፕሬዚዳንት ሁለት ሕግ አስሮብናል።

ከዚያ ሙሉውን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ቻናሉ ላይ አውጡ። የማሻሻያውን ወረቀት ብቻ ካወጣችሁ አዲስ የሚገባ አባል ሁለት ሰነድ እያገናኘ ማንበብ አይችልም። የሚጸናበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። አሮጌውን ፒን አውርዱ፣ ፋይሉን ግን አታጥፉ፤ «እስከዚህ ቀን የጸና» ብላችሁ ስሙን ቀይሩ። ትናንት የተሰጠ ውሳኔ የሚመዘነው በትናንቱ ጽሑፍ ነው።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንድ ረቂቅ ውስጥ አምስት ጉዳይ ማጨቅ። አራቱን የሚደግፍ ሰው በአምስተኛው ምክንያት ሁሉንም ይጥለዋል። ለየብቻ አቅርቡ።

የማሻሻያ አንቀጹን ከሌሎች ጋር በአንድ ቀን መቀየር። እሱን ለብቻው፣ መጨረሻ ላይ፣ ሌሎቹ ከጸኑ በኋላ አድርጉት። አለበለዚያ የትኛው በየትኛው ደንብ እንዳለፈ አይታወቅም።

ቅሬታ ሰሚ አለመኖር። ሦስት ሰው ሰይሙ፤ ከረቂቁ አዘጋጆች ያልሆኑ። ቅሬታ ውጤቱ ከተነገረ በ5 ቀን ውስጥ ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ በር ይዘጋ።

ምናባዊ መሆኑን አለመናገር። ይህ ቀልድ አይደለም። «ምክር ቤቱ አዋጅ አወጣ» የሚል ስክሪንሹት ከግሩፑ ከወጣ እውነተኛ ዜና ይመስላል። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ አናት ላይ «ምናባዊ» የሚለውን ቃል ጻፉ፤ የመንግሥትን አርማ አትጠቀሙ።

የግሩፑን ባለቤትነት መርሳት። ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል፤ ቴሌግራም ግን ኦነሩን ነው የሚያውቀው። እሱ በንዴት አንድ ቁልፍ ቢጫን ግሩፑም፣ ውይይቱም፣ የድምፅ መዝገቡም የለም። ስለዚህ ኦነሩ ማን እንደሚሆንና መቼ እንደሚያስረክብ በአንቀጽ ይጻፍ። የሰነዱም የቃለ ጉባኤውም ቅጂ ሦስት ሰው ዘንድ ይቀመጥ፤ አንዱ ከጎንደር ውጭ ያለ ሰው ይሁን።